የጋብቻው ጥያቄ፦ በመድብለ ፓርቲ ዴሞክራሲ የፓርቲ ደጋፊዎችን ጥላቻ ስለ መለካት

ስሜታዊ ዋልታ ረገጥነት የሚባለው የአንድ ፓርቲ ደጋፊ ከተቃራኒው ሐሳብ አልፎ ሰውየውን ራሱን ሲጠላ ነው። በግብር ምጣኔና በጡረታ ዕድሜ ላይ ሰማይና ምድር የሆኑ ሁለት ጎረቤታሞች ቡና ሊጠራሩ ይችላሉ፤ በመርሐ ግብር እምብዛም የማይለያዩ ሌሎች ሁለት ደግሞ ሰላምታ ሊነፋፈጉ ይችላሉ። የፊተኛው የአቋም ልዩነት ነው፤ የኋለኛው ቅያሜ ነው፣ ሲቆይም ቂም ይሆናል። የፖለቲካ ሳይንስ ሁለቱን ለይቶ ማየት የጀመረው ዘግይቶ ነው። ጆቫኒ ሳርቶሪ በ1976 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በታተመው የፓርቲ ሥርዓቶች ጥናቱ ጣሊያንን ጽንፍና ጽንፍ የቆሙ የብዙ ፓርቲዎች አገር አድርጎ ሲያቀርብ የለካው ከግራ እስከ ቀኝ ያለውን የርዕዮተ ዓለም ርቀት ነበር። የግራው ሰው የቀኙን ሰው ልጅ ለልጁ ያጭ እንደሆነ የሳርቶሪ መለኪያ አይናገርም።

በሁለት ፓርቲ አገር የጥላቻ አድራሻ አንድ ነው። በመድብለ ፓርቲ ዴሞክራሲ ግን አድራሻው ይበዛል። በ2021 ምርጫ ወደ ኔዘርላንድስ ታችኛው ምክር ቤት 17 ፓርቲዎች ገብተዋል፤ አንድ መራጭ የራሱን ትቶ ከቀሩት 16 ፓርቲዎች የትኛውን ይጠላል? ሁሉንም ነው ወይስ አንዱን ብቻ? ዛሬ የጠላው ፓርቲ በማግስቱ ከራሱ ፓርቲ ጋር ጥምር መንግሥት ሲመሠርትስ ስሜቱ ወዴት ይሄዳል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚያገኙት ጥላቻው በምን እንደሚለካ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። የዘርፉ ጥናቶች የተሳሳቱትም እዚሁ መነሻው ላይ ነው።

የዘርፉ ታሪክ ባጭሩ ይነገራል። ሻንቶ አየንጋር፣ ጉራቭ ሱድና ይፍታክ ሌልክስ በ2012 ባሳተሙት መጣጥፍ አሜሪካውያንን የከፈለው ከርዕዮተ ዓለም ይልቅ ስሜት መሆኑን ተከራከሩ። አየንጋርና ሾን ዌስትዉድ በ2015 ሙከራ አክለውበት፣ ሰው ለስኮላርሺፕ ተወዳዳሪ ሲመርጥ ከውጤት ይልቅ የፓርቲ ምልክት እንደሚስበው አሳዩ። ዌስትዉድ ከሌሎች ጋር በ2018 ቤልጅየምንና ስፔንን ጨምሮ በአራት አገሮች የመተማመን ጨዋታ አካሂዶ ተቀራራቢ ውጤት አገኘ። ኖአም ጊድሮን፣ ጄምስ አዳምስና ዊል ሆርን በ2020 የምዕራብ ዴሞክራሲዎችን አነጻጽረው ሥራ አጥነትና የገቢ ልዩነት በበዛበት፣ አሸናፊው ሁሉን በሚወስድበት የምርጫ ሥርዓትም ጥላቻው እንደሚበረታ ጻፉ። ይህ ሁሉ ጠቃሚ ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ጠብ የለም።

ጠቡ የሚጀምረው በ2012ቱ መጣጥፍ ውስጥ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ከተጠቀሰበት ቦታ ነው። ጌብሪኤል አልመንድና ሲድኒ ቨርባ በ1963 ባሳተሙት የሲቪክ ባህል ጥናት አምስት አገሮችን አነጻጽረዋል፤ አሜሪካን፣ ብሪታንያን፣ ምዕራብ ጀርመንን፣ ጣሊያንንና ሜክሲኮን። በየአገሩ አንድ ሺህ ገደማ ሰው የተጠየቀው በ1959 እና በ1960 ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ወንድ ወይም ሴት ልጅዎ የተቃራኒውን ፓርቲ ደጋፊ ቢያገቡ ደስ ይልዎታል፣ ቅር ይልዎታል ወይስ ግድ የለዎትም የሚል ነበር። ከአሜሪካ ሪፐብሊካኖች 5 በመቶ፣ ከዴሞክራቶች 4 በመቶ ብቻ ቅር ይለናል አሉ። በ2010 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ ቁጥሩ 49 እና 33 በመቶ ደርሶ ነበር። አየንጋርና ባልደረቦቹ ይህን ጭማሪ በምሳሌነት አቀረቡት፤ ከዚያ ወዲህም በመማሪያ መጻሕፍትና በጋዜጣ ዓምዶች እንደ ጸሎት የሚደገም ቁጥር ሆነ።

እነሱ ከአምስቱ አገሮች ሁለቱን፣ አሜሪካንና ብሪታንያን ወሰዱ። ሦስቱ ቀሩ። ከቀሩት መካከል በእውነተኛ ትርጉሙ ብዙ ፓርቲዎች የሚፎካከሩባት ጣሊያን ነበረች። ሜክሲኮ የአንድ አውራ ፓርቲ አገር ነበረች፤ ምዕራብ ጀርመን ወደ ሦስት ፓርቲ እየጠበበች ነበር። በጣሊያን ግን በ1958 ምርጫ ክርስቲያን ዴሞክራቶች 42 በመቶ፣ ኮሚኒስቶች ከ22 በመቶ በላይ፣ ሶሻሊስቶች 14 በመቶ ሲያገኙ የቀረውን ሌሎች ተከፋፍለውታል። አልመንድና ቨርባ በፓርቲዎች መካከል ከሁሉ የሰፋ የሰው ለሰው ርቀት ያገኙት በዚህች አገር ነው። ከጋብቻው ጥያቄ ሌላ መላሹ ለተቃራኒው ወገን ደጋፊዎች በጎም ክፉም ባሕርይ እንዲመርጥላቸው ተጠይቆ ነበር፤ ብልሆች ናቸው፣ ራስ ወዳዶች ናቸው እያለ። አሜሪካዊው ለተቃራኒው በጎውን ሲሰጥ ጣሊያናዊው ክፉውን ሰጠ። ብዙ ጣሊያናውያን ማንን እንደመረጡ ለጠያቂው ለመናገር እንኳ ፈቃደኛ አልነበሩም፤ ይህ ዝምታ ራሱ መረጃ ነው።

በአማርኛ የሁለት ወገኖችን መራራቅ ለመግለጽ ከሁሉ የጠነከረው አነጋገር «አይበላሉም፣ አይጋቡም» የሚል ነው። መዋደድና መጠላላት በልብ የሚቀር ነገር ሊሆን ይችላል፤ መብላትና መጋባት ግን ደጃፍ ላይ ይታያል። የጋብቻው ጥያቄ የሚጠይቀው ይህንኑ ደጃፍ ነው። በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች የመረጡት ሌላ መሣሪያ፣ የስሜት ቴርሞሜትር የሚባለው፣ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው።

ደጃፉ በዚያ ዘመን ጣሊያን ምን ይመስል እንደነበር ከጥናቱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በቶስካና ግዛት በፕራቶ ከተማ የሆነው ያሳያል። ነሐሴ 1956 አንድ የኮሚኒስት ፓርቲ ሰው እጮኛውን ቤተ ክርስቲያን ሳይሄድ በማዘጋጃ ቤት አገባ። የከተማዋ ጳጳስ ፒየትሮ ፊዮርዴሊ ለምእመናን እንዲነበብ በጻፉት ደብዳቤ ሙሽሮቹን በአደባባይ ኃጢአት የሚኖሩ ቁባቶች ብለው ጠሯቸው። ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን እንዲከለከሉ፣ የወላጆቻቸውም ቤት የፋሲካ ቡራኬ እንዳያገኝ ተወሰነ። ባልየው ሱቅ ነበረው፤ ደንበኛ ይሸሸው ጀመር። ባልና ሚስቱ በስም ማጥፋት ከሰሱ። መጋቢት 1958 የፍሎረንስ ፍርድ ቤት ጳጳሱን 40,000 ሊሬ ቀጣ፤ በቦሎኛ ካርዲናል ሌርካሮ ቤተ ክርስቲያኖቹ ጥቁር እንዲለብሱና የሐዘን ደወል እንዲደወል አዘዙ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ጳጳሱን ነጻ አወጣ። የአልመንድና የቨርባ ጠያቂዎች «ልጅዎ ኮሚኒስት ቢያገባ?» እያሉ የጣሊያንን ደጃፎች ያንኳኩት በቀጣዩ ዓመት ነበር።

የፕራቶው ጉዳይ የሃይማኖት እንጂ የፓርቲ አይደለም የሚል ይኖራል። በዚያ አገርና በዚያ ዘመን ሁለቱን የሚለይ ምላጭ አልነበረም። በሐምሌ 1949 ከቫቲካን የወጣው ድንጋጌ ኮሚኒስት ፓርቲን የሚደግፍ ካቶሊክ ምሥጢራትን እንዲነፈግ፣ ትምህርቱን የሚያምንና የሚሰብክም ከቤተ ክርስቲያን እንዲለይ አዟል። ፓርቲ መደገፍ የቁርባን ጉዳይ ከሆነ በኋላ ጋብቻው የሃይማኖት ብቻ ነበር ማለት ቃል መሰንጠቅ ነው።

አሁን ወደ ቴርሞሜትሩ። በአሜሪካ ብሔራዊ የምርጫ ጥናት መላሹ ለእያንዳንዱ ፓርቲ ከ0 እስከ 100 ሙቀት ይሰጣል፤ ፓርቲዎቹ በዚህ መልክ መለካት የጀመሩት በ1978 ነው። በብዙ አገሮች የሚካሄደው የምርጫ ሥርዓቶች ንጽጽር ጥናት ደግሞ ከ1996 ጀምሮ መላሹ እያንዳንዱን ፓርቲ ምን ያህል እንደሚወድ ወይም እንደሚጠላ ከ0 እስከ 10 እንዲመዝን ይጠይቃል። ልብ ሊባል የሚገባው የሚመዘነው ፓርቲው መሆኑ ነው። ፓርቲ ሲባል ግን በሰው አእምሮ የሚመጣው ማን ነው? ጄምስ ድራክማንና ማቲው ሌቨንደስኪ በ2019 እንዳሳዩት አሜሪካዊው ተቃራኒውን ፓርቲ መዝን ሲባል የሚያስበው በቴሌቪዥን የሚያየውን መሪ ነው፤ ለተራው ደጋፊ የሚሰጠው ነጥብ ከዚያ የተሻለ ነው። በሁለት ፓርቲ አገር እንኳ መሪውና ጎረቤቱ እንዲህ ከተለያዩ፣ ብዙ ፓርቲዎች ባሉበት፣ ጎረቤት ማንን እንደሚመርጥ ለማወቅም አስቸጋሪ በሆነበት አገር ልዩነቱ መስፋቱ አይቀርም።

አንድረስ ሬይልያን በ2020 የአውሮፓን ፓርቲ ሥርዓቶች በዚህ ከ0 እስከ 10 በሆነ መለኪያ ደርድሯቸዋል። መራጩ ለራሱ ፓርቲ ከሰጠው ነጥብ ለሌሎቹ የሰጠውን ቀንሶ፣ ልዩነቱን በፓርቲዎቹ የድምፅ ድርሻ መዝኖ፣ ለየአገሩ አንድ ቁጥር አወጣ። በውጤቱ የመካከለኛውና የምሥራቅ እንዲሁም የደቡብ አውሮፓ አገሮች ከአሜሪካ በላይ ሲሆኑ የሰሜን ምዕራቦቹ ረገብ ያሉ ሆነው ተገኙ። የአሜሪካ በሽታ የተባለው በአውሮፓም ያውም በርትቶ መኖሩን ማሳየቱ የሬይልያን ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ሰንጠረዡ የሚደረድረው በመሪዎች መመረርን ነው። ፖለቲከኛ ሁሉ ሌባ ነው በሚባልበት አገር መራጩ ለተቃዋሚው 0 ሲሰጥ ለራሱም ወገን 6 ብቻ ሊሰጥ ይችላል፤ በሌላ አገር ለራሱ 9፣ ለሌላው 3 የሚሰጥ ይገኛል። ቅናሹ በሁለቱም 6 ነው። አንዱ ተስፋ መቁረጥ፣ ሌላው ፍቅር ሆኖ ሳለ ሰንጠረዡ አንድ ያደርጋቸዋል።

የማርኩስ ቫግነር የ2021 መለኪያ ይበልጥ የተራቀቀና ይበልጥ የተስፋፋ ስለሆነ በዝርዝር መታየት አለበት። ቫግነር መራጩ የራሴ የሚለው አንድ ፓርቲ ሊኖረው ግድ አይደለም አለ፤ ይህ ትክክል ነው። ስለዚህ መራጩ ለፓርቲዎቹ ሁሉ የሰጣቸውን ነጥቦች ወስዶ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደተበተኑ አሰላ፤ ትልቁ ፓርቲ ብዙ፣ ትንሹ ጥቂት እንዲመዝንም እያንዳንዱን በድምፅ ድርሻው አባዛው።

አምስት ፓርቲዎች ይታሰቡ፤ የድምፅ ድርሻቸው በቅደም ተከተል 30፣ 25፣ 25፣ 15 እና 5 በመቶ ነው። የመጀመሪያው መራጭ 8፣ 7፣ 7፣ 6 እና 0 ይሰጣቸዋል። ይህ ሰው ከአራቱ ጋር በሰላም ይኖራል፤ አምስተኛውን ፓርቲ ግን ዓይኑን ማየት አይፈልግም። ሁለተኛው መራጭ 9፣ 6፣ 5፣ 4 እና 5 ይሰጣል፤ የራሱን አጥብቆ ይወዳል፣ የሚጠላው ግን የለም። በቫግነር ቀመር ሲሰላ የመጀመሪያው መራጭ 1.69፣ ሁለተኛው 1.87 ያገኛል። ማንንም የማይጠላው ሰው፣ አንዱን ወገን በፍጹም ከሚጸየፈው ይልቅ ጥላቻ የተሞላ ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተጸየፈው ፓርቲ ትንሽ ስለሆነ ጥላቻውም ትንሽ ተደርጎ ተቆጠረ።

ይህ የወረቀት ላይ እንቆቅልሽ ብቻ አይደለም። የሔርት ቪልደርስ ፓርቲ በ2006 ወደ ኔዘርላንድስ ምክር ቤት ሲገባ ያገኘው ድምፅ 5.9 በመቶ፣ መቀመጫውም 9 ነበር፤ በ2023 ከ150 መቀመጫ 37ቱን ወስዶ አንደኛ ወጣ። አንዲት የአምስተርዳም ሴት በሁለቱም ዓመቶች ለዚህ ፓርቲ 0 ብትሰጥና ስሜቷ ንቅንቅ ባይል እንኳ የእሷ ቁጥር ከፍ ይላል። የማንም ልብ ሳይለወጥ አገሩ በጥላቻ ታመሰ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ቫግነር ድርሻ የማይቆጥር አማራጭ ቀመርም ማቅረቡ መታወቅ አለበት፤ በዚያኛው የመጀመሪያው መራጭ 2.87፣ ሁለተኛው 1.72 ያገኛሉ፣ ተራውም ይቃናል። ይሁን እንጂ በአማራጩ ቀመር የገዢው ፓርቲና ከምክር ቤቱ ጥግ አንዲት መቀመጫ የያዘው ፓርቲ እኩል ይመዝናሉ። ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተፈታም። ምንጩ ማባዣው ሳይሆን የተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ከቴርሞሜትሩ የተወለደው ሌላው ድምዳሜ አብሮ መግዛት ጥላቻን ያበርዳል የሚለው ነው። ሥሩ ከአሬንድ ላይፕሃርት ይመዘዛል፤ ላይፕሃርት በ1999 ሥራው ሥልጣን የሚጋሩ ዴሞክራሲዎች ለስለስና ደግ ያሉ ናቸው ብሎ ነበር። ሆርን፣ አዳምስና ጊድሮን በ2023 በቁጥር ደገፉት፤ በጥምር መንግሥት አብረው የሠሩ ፓርቲዎች ደጋፊዎች፣ ጥምረቱ ከፈረሰ ከዓመታት በኋላም፣ ርዕዮተ ዓለማቸው ከሚያስገምተው በላይ ይቀራረባሉ። በቴርሞሜትር ሲለካ ይህን መካድ አይቻልም።

በደጃፍ ሲለካ ግን የራሱ የላይፕሃርት አገር ምስክርነት ሌላ ነው። በኔዘርላንድስ የካቶሊኮች ፓርቲና የሠራተኛ ፓርቲ ከ1946 እስከ 1958 አብረው ገዝተዋል፤ ከ1948 ወዲህ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሶሻሊስቱ ቪለም ድሬስ ነበሩ። ከዚህ የተሻለ የአብሮ መግዛት ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። ሚኒስትሮቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በጀት ሲያጸድቁ፣ በግንቦት 1954 መጨረሻ የካቶሊክ ጳጳሳት አንድ መልእክት አወጡ። የሶሻሊስት የሠራተኛ ማኅበር አባል የሆነ ወይም የሶሻሊስቶቹን ራዲዮ፣ ቫራን፣ አዘውትሮ የሚያዳምጥ ካቶሊክ ምሥጢራት ይከለከላል፤ የሠራተኛ ፓርቲ አባል መሆንም ለካቶሊክ የማይገባ ነው ተባለ። ካቶሊኩ የራሱ ራዲዮ፣ የራሱ ጋዜጣ፣ የራሱ ትምህርት ቤት፣ የራሱ የእግር ኳስ ቡድን ነበረው፤ የካቶሊክ ፍየል አርቢዎች ማኅበር እስከ ዛሬ የዚያ ዘመን መቀለጃ ነው። ሁለት እምነት በአንድ ትራስ ከተኛ ዲያብሎስ መሐል ይገባል የሚለውም የዚያው አገር ተረት ነው። ከመልእክቱ ሁለት ዓመት በኋላ በተደረገው ምርጫ ሠራተኛ ፓርቲ ካቶሊኮቹን በአንድ መቀመጫ ብቻ በለጠ፤ እንደገናም አብረው መንግሥት መሠረቱ። መልእክቱ የተነሣው በ1965 ነው።

ላይፕሃርት ይህን አላጣውም። በ1968 ያሳተመው የኔዘርላንድስ ጥናቱ ዋና ነጥብ ሕዝቡ ተለያይቶ መሪዎቹ ይስማማሉ የሚል ነበር። የኋለኞቹ ተመራማሪዎች የመሪዎቹን ስምምነት ይዘው የሕዝቡን መለያየት ጣሉት። የ1954ቱ ኔዘርላንዳዊ ቴርሞሜትር ቢሰጠው ኖሮ ለድሬስ መንግሥት ሸሪክ ፓርቲ ደህና ሙቀት ሊሰጥ ይችል ነበር፤ ልጁን ግን ለሸሪኩ ደጋፊ አይድርም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰው ልብ፣ በአንድ ዓመት፣ ሳይጋጩ ይኖራሉ። አብሮ መግዛት የሚያበርደው የፊተኛውን ነው።

ከዚህ ክርክር በተቃራኒ የሚቀርበው ጠንካራ ማስረጃ የእስራኤል ነው። ጊድሮን ከሊኦር ሼፈርና ከጋይ ሞር ጋር በ2022 ባሳተመው ጥናት ቴርሞሜትሩ በመድብለ ፓርቲ አገርም አስተማማኝ መሆኑን ለማሳየት ሞክሯል፤ በእስራኤል ለፓርቲ የሚሰጠው ሙቀት ከማኅበራዊ ርቀት ጥያቄዎች ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። እስራኤል የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሚያዝያ 2019 እስከ ኅዳር 2022 አምስት ጊዜ ተመርጧል፤ አገሩ ኔታንያሁን በሚሉና ከኔታንያሁ ሌላ ማንም ይሁን በሚሉ ሁለት ጎራዎች ተከፍሏል። በሰኔ 2021 ከቀኙ ናፍታሊ ቤኔት እስከ ማንሱር አባስ የዓረብ ፓርቲ ስምንት ፓርቲዎች ተጣምረው 60 ለ59 በሆነ ድምፅ መንግሥት መሥርተዋል።

ዳሩ ግን ፓርቲውና ደጃፉ አብረው የሚሄዱበት አገር ቢፈለግ ከእስራኤል የተመቸ አይገኝም። እዚያ ዓለማዊው፣ ሃይማኖተኛው፣ ሐሬዲው (እጅግ ጥብቁ ኦርቶዶክስ አይሁዳዊ) እና ዓረቡ ከምርጫው በፊት ትምህርት ቤታቸውም ሰፈራቸውም ተለያይቷል። የሲቪል ጋብቻ በአገሩ የለም፤ ጋብቻ በሃይማኖት ባለሥልጣናት እጅ ነው። ሐሬዲው የሐሬዲዎችን ፓርቲ ሲመርጥ ዓለማዊው ደግሞ ለዚያ ፓርቲ 0 ሲሰጥና ልጄን ለሐሬዲ አልሰጥም ሲል፣ ሁለቱ መልሶች መጋጠማቸው ቴርሞሜትሩን አያረጋግጥም። ያረጋገጠው ፓርቲው በጋብቻ አጥር ላይ መሠራቱን ነው። ደግሞም ሁለት ነገሮች አብረው መውጣት መውረዳቸው መጠናቸው እኩል ነው ማለት አይደለም።

ፓርቲና አጥር ሲለያዩ ምን እንደሚሆን ለማየት በዚያው በእስራኤል የአማርኛ ተናጋሪውን ማኅበረሰብ መመልከት ይጠቅማል። ጋዲ የቫርከንና ፕኒና ታማኖ-ሻታ በ2019 በአንድ የሰማያዊና ነጭ ዝርዝር ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። በጥር 2020 የቫርከን ወደ ኔታንያሁ ፓርቲ፣ ወደ ሊኩድ፣ ተሻገረ፤ ታማኖ-ሻታ ቀረች፣ በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ የተወለደች የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ሆነች። በጎራ ፖለቲካ ይህ ወንዝ መሻገር ነው። የቤተ እስራኤል የጋብቻ ልማድ ግን ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ የሚቆጠረው ዘር ነው፣ ፓርቲ በቆጠራው ውስጥ ስፍራ የለውም። እንዲህ ባለ ማኅበረሰብ ለሊኩድ የተሰጠ 0 ለሊኩድ መራጭ ዘመድ የተሰጠ 0 ነው ብሎ መተርጎም ከባድ ድፍረት ነው።

የቀሩት ተቃውሞዎች ብዙ አያዘገዩም። ሳማራ ክላር፣ ያና ክሩፕኒኮቭና ጆን ባሪ ራያን በ2018 የጋብቻው ጥያቄ ራሱ ያሳስታል ብለዋል፤ አማቹ ስለ ፖለቲካ እምብዛም እንደማያወራ ሲነገረው የመላሹ ቅሬታ ስለሚቀንስ፣ የተጠላው ተቃራኒው ፓርቲ ሳይሆን የፖለቲካ ወሬ ነው። ለዛሬው አሜሪካ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። በ1959 ጣሊያን ግን ሙሽራው በምሳ ሰዓት ዝም ቢልም ቄሱ ለቤቱ ቡራኬ አይመጡም ነበር። ሌላው ተቃውሞ ሰው ስለ ልጁ ጋብቻ በጠያቂ ፊት እውነቱን አይናገርም የሚል ነው፤ ስለ ፓርቲ ሲጠየቅስ ይናገራል ወይ? ሦስተኛው ጋብቻ በወላጅ ፈቃድ የሚፈጸምበት ዘመን አልፏል ይላል። ጥያቄው ግን ሁልጊዜም የሚለካው የወላጁን ቅሬታ እንጂ ሥልጣኑን አልነበረም።

እርግጥ ነው፣ ከአንድ የ1959 ጥናት ብዙ መጫን አይገባም። የተጠየቁት አንድ አንድ ሺህ ሰዎች ናቸው፤ የሜክሲኮው ናሙና ከተሜውን ብቻ ያካተተ ነው፤ የጣሊያን መላሾች ዝምታም ቁጥሮቹን ያሳሳል። የፕራቶ አንድ ሱቅ ጣሊያን አይደለም፤ የጳጳሳት መልእክትም ምእመናኑ ሁሉ ታዘዙት ማለት አይደለም፣ ከሠራተኛ ፓርቲ መራጮች መካከል ካቶሊኮች አልጠፉም። ይህ ሁሉ ታሳቢ ተደርጎም የቅደም ተከተሉ ጥያቄ አይናወጥም፤ በፓርቲ ምክንያት ደጃፍ መዝጋት ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ አውሮፓ የተዛመተ አዲስ ነገር ሳይሆን፣ 4 እና 5 በመቶ በተመዘገቡበት በዚያው ጥናት፣ በሌላ አገር ገጽ ላይ አስቀድሞ የተጻፈ ነው።

የምርጫ ሥርዓቶች ንጽጽር ጥናት ባካሄዳቸው ዙሮች መላሹን ስለ ፓርቲዎችና ስለ መሪዎች ጠይቋል፤ ስለ አማች የሚጠይቅ መስመር በጋራ መጠይቁ ውስጥ የለም። የአልመንድና የቨርባ ጥሬ መረጃ ግን አልጠፋም። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የማኅበራዊ ጥናቶች መዝገብ ቤት የአምስቱም አገሮች መልስ በአንድ ፋይል ተቀምጧል፤ የጣሊያን መላሾች ለጋብቻው ጥያቄ የሰጡት መልስም በፓርቲ በፓርቲው ተከፍሎ እዚያው አለ።